የዶክተር ጉምጉም ጆሮ

ሰው በመልክ ይቀናል፣ በሀብት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። ይህች ሴት የቀናችው ግን በአንድ "እንደምን አደርሽ" ነው። ያውም ለእሷ ባልተባለ፣ መልኩን አይታ ከማታውቀው ሰው አፍ በወጣ "እንደምን አደርሽ"።

ሥራዋ ሐኪሞች የሚናገሩትን እየሰማች መጻፍ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ ሲጨርስ መቅጃውን አፉ ሥር ይዞ ያየውን ሁሉ ይናገራል። ቅጂው በኮምፒውተር እነሱ ቢሮ ይደርሳል። እነሱ ማዳመጫቸውን አድርገው፣ ፔዳሉን በእግራቸው እየረገጡ ድምፁን እያስኬዱና እያቆሙ፣ ወደ ጽሑፍ ይገለብጡታል። የሥራ መጠሪያቸው "ገልባጭ" ነው። ባሏ ይህን በሰማ ቁጥር፣ "እኔ ገልባጭ ሲሉኝ አሸዋ የሚጭነው መኪና ነው የሚታየኝ" ይላል። መጀመሪያ የተናገረው ጊዜ ያስቅ ነበር።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለ፤ ድምፁ ስለሚረብሽ ግን ማንም አያበራውም፣ በላብ መጠመቅ ይሻላል። ግድግዳው ላይ "ያልሰማኸውን አትገምት፣ ባዶ ተው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያልተሰማ ቃል የገጠመው ገልባጭ መስመር ያሰምርበትና ደቂቃውን ይጽፋል፤ ሐኪሙ ይሞላዋል። ማፈሪያ አይደለም። ለእሷ ግን ማፈሪያ ነበር።

ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ "ጆሮ" ነው የሚሏት። ቃል ያስቸገረው ሁሉ ማዳመጫውን ነቅሎ ወደ ጠረጴዛዋ ይመጣል። "ጆሮዬ፣ እስኪ ይቺን ስሚልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ።" እሷም ሥራ የተደራረበባት መስላ በረጅሙ ትተነፍስና ማዳመጫውን ትቀበላለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ቃሉን ትነግራቸዋለች። አስማት የለውም። የመድኃኒቱ ስም ካልተሰማ መጠኑን ታያለች፤ ይህን ያህል ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ስንት መድኃኒት አለ? ቃሉ አሁንም እምቢ ካለ ትታው ቅጂውን እስከ መጨረሻው ትሰማለች። "የማይሰማ ቃል ብቻውን አይመጣም፣ ከፊቱ ወይ ከኋላው ወንድሙ አለ" ትላለች። ሐኪም አንድ ነገር ካገኘ ሲመረምር ይጠራዋል፣ ሲደመድም ይጠራዋል፣ ሲያዝ ይጠራዋል።

ከሐኪሞቹ ሁሉ አስቸጋሪው ቢሮው "ዶክተር ጉምጉም" ያለው ነው። ይህ ሰው የቃሉን ጅራት ይውጣል። እጁን እየታጠበ ይናገራል፣ ደረጃ እየወጣ ይናገራል፣ አንድ ነገር እያኘከ ይናገራል። የእሱ ቅጂ የደረሰው ገልባጭ እንደ ቅጣት ይቆጥረው ነበር። ጆሮ ብቻ ወደደችው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ ብቻ ጻፈችለት፣ አንድ ባዶ ቦታ ሳትተው። ጉንፋን ሲይዘው ታውቃለች፣ ከሰው ተጣልቶ የገባበትን ቀን ታውቃለች። ከባድ በሽታ ያገኘ እንደሆነ ገና የበሽተኛውን ስም ሲጠራ ድምፁ ዝግ ስለሚል እሷም አብራ ታዝናለች። እሱ ግን አያውቃትም። በወረቀቱ ላይ የገልባጭ ስም አይጻፍም፤ ደንብ ነው። በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም ነበር።

ታናሽ እህቷን እዚህ ቢሮ ያስገባቻት ራሷ ናት። ልጅቷ ትሠራበት የነበረው ሱቅ ተዘግቶ ቤት ስትውል ጊዜ፣ አለቃውን ደጅ ጠንታ አስቀጠረቻት፤ አጠገቧ አስቀምጣ ከፔዳል አረጋገጥ ጀምሮ አስተማረቻት። ታናሽዋ እጇ ፈጣን ነው፣ ጨዋታዋ ሰው ይሰበስባል፣ ጆሮ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ገጹ በባዶ ቦታ ይበሳሳል። "ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ወንፊት?" ትላታለች ታላቅዋ። "ምን ላድርግ እትዬ፣ አትገምት ይላል እኮ ግድግዳው" ትላለች ታናሽዋ፣ እየሳቀች።

በዚህ መሀል አማቷ ታመሙና ጆሮ የሳምንት ፈቃድ ወሰደች። አለቃው የጉምጉምን ቅጂ የሚሸከም ሰው ሲያጣ ለታናሽዋ ሰጣት።

በተመለሰች ቀን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እህቷ ማዳመጫውን እንዳደረገች ትንከተከታለች።

"ምን ያስቅሻል በጠዋቱ?"

"እትዬ፣ ያንቺ ሰውዬ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነው! ነይ ስሚ።"

ሰማች። "አዲሷ ልጅ፣ እንደምን አደርሽ" አለ ያ ሰባት ዓመት የምታውቀው ድምፅ። "ትናንት ባዶ ቦታው ላይ 'ይቅርታ ዶክተር፣ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል፣ እርስዎን ግን አልሰማሁም፤ አዲሷ ልጅ' ብለሽ ጽፈሽልኛል። ውሃው እኔ ነኝ፣ እጄን ስታጠብ ነው። ከውሃው ሥር ያለው ቃል ሐሞት ከረጢት ነው። በርቺ!" ከዚያም ሳቀ። ከጉሮሮው ተነሥቶ ወደ ሳል የሚሄድ፣ ደስ የሚል ሳቅ።

ጆሮ ሳቁን ሰምታው አታውቅም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ስትሰማለት አንድ ቀን አልሳቀላትም፣ ሰላም አላላትም፣ ጭራሽ ከማሽኑ ማዶ ሰው መኖሩን ያወቀ አይመስልም። ሥራዋን አጥርታ ስለሠራች ምንም የሚላት ነገር አልነበረማ! ይቺ ወንፊት ግን ባልሰማች ቁጥር ሰላም ትባላለች። ጆሮ ማዳመጫውን መለሰችላትና "ደህና ነው" አለች። በሆዷ ግን ባጎረስኩ ተነከስኩ አለች፤ ልጅቷ ማንንም አልነከሰችም፣ ግን ቅናት ፍርድ አያውቅም።

አለቃው አልለያያቸውም። "እናንተ እህትማማቾች ተካፈሉት" ብሎ የጠዋቱን ቅጂ ለታናሽዋ፣ የከሰዓቱን ለታላቅዋ ሰጠ። ዶክተር ጉምጉም ደግሞ ኪቦርድ መንካት ስለማይወድ፣ የትናንቱን ባዶ ቦታ ሁሉ የሚመልሰው በቃሉ ነው፤ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ቅጂ ራስ ላይ። ስለዚህ ሰላምታው ሁልጊዜ የታናሽዋ ጆሮ ላይ ይወድቃል። ለታላቅዋ የሚደርሳት የከሰዓቱ ጉምጉምታ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም ብቻ ነው።

እሑድ ታናሽዋ ለምሳ ስትመጣ ወሬው እሱ ሆነ። ዶክተሩ ምን አለ፣ ዶክተሩ እንዴት ሳቀ፣ ዶክተሩ መነጽሩ ጠፍቶበት ሲፈልግ ግንባሩ ላይ አገኘው። ባልየው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ጆሮ ተነሥታ ሳሕኖቹን ማጠብ ጀመረች፤ እንዲህ ሳሕን ሲንኳኳ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

"ምነው እቴ፣ ሳሕኖቹ ምን አጠፉ?" አላት ባሏ ወጥ ቤት ተከትሏት ገብቶ።

"ምንም።"

"ቀንተሽ እንዳይሆን?"

"በማን?"

"ኧረ እኔ ነኝ መቅናት የሚገባኝ! ሰባት ዓመት ሌላ ወንድ ጆሮሽ ሥር ሲያንሾካሹክ ዝም ያልኩት።"

ሳቀ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ውሃውን ከፈተችበት።

በማግስቱ ከሰዓት በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። አጥርታ የሰማችውን አንድ ቃል ትታ በቦታው መስመር አሰመረች። ወንዝ ወርዳ እንስራ የሰበረች ልጅ እንኳ እንዲያ አትደነግጥም። ሰላሙ አንድ ቀን ለእኔም ይሁን፣ ሌላ ምን ፈለግኩ አለች።

ጠዋት እህቷ ዞር አለች። "ጉድ ነው እትዬ! ዛሬ ሁለት ባዶ ቦታ መለሰልኝ፣ እኔ የተውኩት አንድ ይመስለኝ ነበር። 'በርቺ፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ' አለኝ።"

ጆሮ ያን ጊዜ ነው ያሰበችው። ስም አይጻፍም። ሰውየው ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር የአዲሷ ልጅ ነው የሚለው። ያኔ መተው ነበረባት፣ የተማረች ሴት ናት። ግን ቅናት አንዴ ከያዘ የልብ ምክር አይሰማም። ከሰዓት ሌላ ባዶ ተወች፤ አጠገቡም "ይቅርታ ዶክተር፣ ድምፅዎ ደከም ብሏል፣ ጉንፋን ይዞዎት ይሆን?" ብላ ጻፈች። ጉንፋኑ እውነት ነበር፣ ከእሷ በቀር ማንም አልለየውም።

በማግስቱ እህቷ ማዳመጫውን አውልቃ ግራ ገብቷት ተቀመጠች። "'ስለ ጉንፋኔ ስላሰብሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሚስቴ እንኳ አላወቀችብኝም' ይላል። ስለምን ጉንፋን ነው የሚያወራው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ጆሮ። የራሷን ደግነት እህቷ ስትለብሰው አየች።

ከዚያ ወዲያ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰውየው ጋር በራሷ አፍ መነጋገር። ለዚህ ደግሞ መንገድ ነበረ። ቃል ያልተሰማ እንደሆነ እስከ ነገ ይቆያል፤ ግን የመድኃኒት መጠን ወይም የአካል ጎን፣ ቀኝ ነው ግራ የሚለው፣ ባዶ ከቀረ አይቆይም። አለቃው በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ ይደውልና ስልኩን ባዶውን ለተወው ገልባጭ ያቀብላል። አንዴ ባዶ የተባለን ጎን ደግሞ ከሐኪሙ ከራሱ አፍ በቀር ማንም አይሞላውም፣ "አሁን ሰማሁት" ቢልም አይታመንም። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ጆሮ ናት፣ አንድ ገልባጭ በግምት ቀኙን ግራ ባደረገ ጊዜ።

በዚያ ከሰዓት የመጣው ቅጂ ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር የተገኘባቸው የአንዲት ሴትዮ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ወረቀቱ ከእሳቸው ቀድሞ መድረስ አለበት። ጉምጉም "የግራ ኩላሊት" አለ ሲመረምር። "የግራ" አለ ሲደመድም። "በግራ በኩል" አለ ሲያዝ። ጆሮ ሦስቱንም ቦታ ባዶ ተወችና እጇን አወጣች። "አለቃ፣ ጎን አልተሰማኝም።"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። አለቃው፣ አጭር ደግ ሰው፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ "አንቺ?" አለ። ከዚያ ደወለ። ጆሮ ፀጉሯን አስተካከለች፤ ስልክ ፀጉር እንደማያይ እያወቀች። አለቃው አሁንም ደወለ። "ተዘግቷል። ለስብሰባ መንገድ ላይ ነው አሉ፣ እስከ ነገ ማታ አይገኝም።"

ጆሮ ማዳመጫዋን አነሣች። "እስኪ ደግሜ ልስማው። ግራ ይመስለኛል። ግራ ነው አለቃ፣ እርግጠኛ ነኝ።"

"ደንቡን ማን አወጣው?" አላት በለሆሳስ፣ ሳይቆጣ። ወረቀቱን "ይቆይ" የሚለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከዚያኛው ሆስፒታል ተደወለ። ሴትዮዋ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም ሳይቀምሱ፣ አረንጓዴ ልብስ ለብሰው፣ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ሲጠብቁ ውለዋል። ጎኑ ያልተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢላ የሚያነሣ ሐኪም የለም። ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ ሕመሙ እያስጮኻቸው ነው። አለቃው ይህን ሲናገር ማንንም አላየም። ጆሮ ያን ቀን ምሳዋን እንደያዘች ወደ ቤት ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቷ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። "ስሚ" አለችና ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረገችላት።

ጉምጉም እንደ ወትሮው ሰላም አላለም። "አዲሷ ልጅ፣ ኩላሊቱ ግራ ነው። ሦስት ጊዜ ብዬዋለሁ። አልቆጣሽም፣ አነጋገሬ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ግን ካንቺ በፊት የእኔን የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ሴት ይሁኑ ወንድ አላውቅም። ስንት ዓመት አንድ ባዶ ቦታ አልተዉብኝም። እንቅልፍ እያዳፋኝ በቀዳሁት ቀን እንኳ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። አንዳንዴ ደክሞኝ ስቀዳ፣ ግድ የለም እኚያ ሰው ይሰሙኛል እል ነበር። ሰሞኑን ባዶው ሲበዛብኝ ሥራ እንደለቀቁ ገባኝ። የት እንደሄዱ የምታውቂ ከሆነ፣ አንድ ጉምጉምታም ሐኪም ሰላም ይልዎታል በይልኝ።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ የበሽተኛ ስም ጠራ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰባት ዓመት ሲያከብራት የኖረ ሰው አጠገቧ ነበር፣ ያውም አንቱ እያለ፤ አንድ እሷ አልሰማችም። በገዛ እጇ ራሷን ከልቡ አስወጣች።

እህቷ አፍጥጣ ታያታለች። "የኩላሊቱን ቅጂ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"ጉንፋኑም?"

"ጉንፋኑም።"

"እኔ እኮ" አለች ታናሽዋ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ "በሕይወቴ አንድ ሰው በርቺ ያለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ ሲናፍቅ የኖረው አንቺን ነው። ሁሉም የሚፈልገው አንቺን ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ።" ጆሮ የእህቷን ዓይን አየች፤ አወቀችውም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የምታየው ዓይን ነው።

"ምን ልበለው?" አለች ታናሽዋ። "አለች ልበለው?"

ጆሮ "አለች" እንድትል የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም። ግን አለች ከተባለ፣ ኩላሊቱን ባዶ የተወው ማን ነው ይላል። "ለቀዋል በይው" አለች።

ከዚያ ተነሥታ አለቃው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሰምቼው ነው ባዶ የተውኩት አለችው፣ ሦስቴም ሰምቼዋለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቃት "ቀናሁ" አለች። አለቃው ብዙ ሰበብ ሰምቶ ያውቃል፣ ይህን ግን አልሰማም፤ ለረጅም ጊዜ መነጽሩን ሲወለውል ቆየ። የጉምጉምን ቅጂ በሙሉ ወሰደባትና ለታናሽዋ ሰጠ። ጆሮም ቃሉ ጥርት ያለ፣ ሕፃን እንኳ የሚጽፍለት አንድ የቆዳ ሐኪም ተሰጣት። በዚያ ሳምንት እሑድ የወረቀቱን አድራሻ ተከትላ ሴትዮዋን ልትጠይቅ ሄደች፤ በግራ ጎናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድነው ነበር። ማን እንደሆነች አልነገረቻቸውም፣ ፍራፍሬውን አስቀምጣ ወጣች።

እህትማማቾቹ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ተኳረፉ። ታናሽዋ እህቷን ከመጠየቅ ይልቅ ባዶ መተው መረጠች፤ ገጿ እንደገና ወንፊት ሆነ። ጆሮ ከጎኗ የጉምጉም ድምፅ ከማዳመጫው አፈትልኮ ሲያጉመተምት ትሰማለች፣ ቃሉንም ትለየዋለች፣ ምላሷን ነክሳ ዝም ትላለች። ሳይጠሩት አቤት ይሆናላ።

አንድ ቀን ታናሽዋ አንዱን ቦታ መላልሳ መላልሳ ረገጠችው። ከዚያ አንድ ቃል ሳትናገር ማዳመጫውን ነቅላ የእህቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ጆሮ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ቃሉን ነገረቻት። ታናሽዋ ሳታመሰግን ወስዳ ጻፈች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ አመጣች። በሳምንቱ፣ ማዳመጫውን ከማምጣቷ በፊት "እትዬ፣ ወንድሙን ከኋላ ፈልጌ አጣሁት" አለቻት፤ ያኔ ጆሮ እርቅ መሆኑን አወቀች። ከጉምጉም ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ጠፋ። ሰላምታውም አብሮ ጠፋ፤ የሚመልሰው ነገር የለማ።

ከዕለታት አንድ ጠዋት ታናሽዋ ቅጂውን ከፈተች፣ ፔዳሉን ለቀቀች፣ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች። ለራሷ ልታስቀረው ትችል ነበር፣ ማንም አያውቅባትም። እጇ ማዳመጫው ላይ እንዳለ ቆየች። ከዚያ የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ከራሷ አላቅቃ ወደ እህቷ ዘረጋችው፤ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋጉ።

"አዲሷ ልጅ" አለ ጉምጉም። ውሃ ይወርዳል፣ እጁን እየታጠበ ነው። "እኚያ ሰው ተመለሱ መሰለኝ።" ውሃው ተዘጋ። "እንደምን አደሩ።"

የበሽተኛው ስም ቀጠለ። ጆሮ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ አልተነቃነቀችም።

"ወደ ኋላ መልሺው" አለች።

"ምነው፣ አልሰማሽውም?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"መልሺልኝ አልኩሽ።"